ቤት ለሌላቸው ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

የአገሩን ስም አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም፤ አንድ ቃል ያደረሰብኝን ስላየሁ ነው። ስሙን ብጽፍ ነገ አንዱ መጥቶ «ይህ ስም ከወንዙ ማዶ ያለውንም ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?» ብሎ ይይዘኛል፣ እኔም መልስ የለኝም። ከተማ ናት፤ ወንዝ አላት፤ ከወንዙ ዳር ለጡብ የሚሆን ቀይ ጭቃ አላት። ለነገሬ ይህ ይበቃል።

በዚያች ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሰው ይናገራል፣ እኔ አሳምሬ እጽፋለሁ። «አሳምሬ» የምትለዋን ቃል አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ጥፋቴ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

በእኛ አገር፣ ያለ ነገረ ፈጅ ደግ ሥራ መሥራት ክልክል ነው። ሕጉ የወጣው በአያቶቻችን ዘመን ነው ይባላል። አንድ ሰው ማንንም ሳያማክር፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ብርድ ለሚያንቀጠቅጠው ድሃ ካባ ሰጠ። ካባው ረጅም ኖሮ ድሃውን ጠልፎ ጣለውና ሁለት ጥርሱ ረገፈ። በጥርሱ የሚጠየቀው ሰጪው ነው ወይስ ተቀባዩ በሚል አሥራ አንድ ዓመት ተሟገቱ። ከዚያ ወዲህ ሾርባ የሚያድልም፣ መጠለያ የሚሰጥም፣ ዐይነ ስውር መንገድ የሚያሻግርም ማኅበር ሁሉ ነገረ ፈጅ ሊኖረው ግድ ሆነ። ነገረ ፈጆቹ ለእንዲህ ያለ ማኅበር ሲሠሩ ዋጋ አይቀበሉም። ይህን የምናገረው እንዳይታሙ ብዬ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም፤ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ የሚባሉ ጡብ ሠሪ ነበሩ። የከተማው ግማሽ የቆመው በእሳቸው ጡብ ነው። እርጅና ሲጫናቸው ከጡብ ማቃጠያው አጠገብ ያለውን መሬት አስደልድለው አርባ ክፍል ቤት ሠሩ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጭቃ ሲረግጡላቸውና ጡብ ሲሸከሙላቸው ኖረው ጉልበታቸው ያለቀ ሠራተኞቻቸውን በክፍሎቹ ፊት አሰለፉና እኔን አስጠሩኝ። «ጻፍ» አሉኝ። ተናገሩ፤ ጻፍኩ። አነጋገራቸው የጭቃ ሰው አነጋገር ነበር፣ አጭርና ደረቅ። እኔ ለወረቀት እንዲሆን አድርጌ አቃናሁት። «እነዚህ አርባ ክፍሎች ቤት ለሌላቸው ሰዎች መኖሪያ ይሁኑ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የእኔ የእጅ ሥራ ነው። ጋሽ ማንደፍሮ ማንበብ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። በሦስተኛው ወር ዐረፉ።

ቤቶቹን የሚጠብቅ የጥላ ማኅበር የሚባል ተቋቋመ፣ እኔም ጸሐፊው ሆንኩ። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች አንድ በአንድ ሲያልፉ በቦታቸው ሌላ ችግረኛ እየገባ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ያን ቀን ከተሰለፉት መካከል በሕይወት የቀሩት እማማ ድንቄ ብቻ ነበሩ። እማማ ድንቄ ጭቃ ረጋጭ ነበሩ፤ በልጅነታቸው የጀመሩት ጭቃ ጉልበታቸውን በልቶ አልጋ ላይ ጥሏቸዋል። በሰባት ቁጥር ክፍል ተኝተው በደጅ የሚያልፈውን ሁሉ በኮቴው ይለያሉ። እኔን «አንተ ጸሐፊ፣ ጫማህ በስተግራ ተንሻፏል፤ ወይ አስጠግነው ወይ አካሄድህን አስተካክል» ይሉኝ ነበር። እናቴን አላውቃትም፤ እማማ ድንቄን ግን እወዳቸው ነበር። ይህን አሁኑኑ በግልጽ መናገር አለብኝ።

ክረምት ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው የማኅበራት ወረቀት ሁሉ ዳግም ይነበብ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ለእኛ የተመደቡልን ነገረ ፈጅ አቶ ተገኔ ነበሩ። አቶ ተገኔ ድሃ ሲያዩ እንባቸው የሚቀድማቸው ሰው ናቸው፤ ለዚህ ሲሉ ሁለት መሐረብ ይይዛሉ። ቢሯቸው ውስጥ መደገፊያና ትራስ ያላት አንዲት ወንበር አለች፤ «የድንጋጤ ወንበር» ትባላለች። ደንበኛ ቆሞ ሰምቶ ቢወድቅ የሚጠየቀው ነገረ ፈጁ ነውና ወንበሯ በሕግ የታዘዘች ናት።

ወረቀታችንን ሦስት ቀን አነበቡና አስጠሩኝ። ገና በሩን ከፍቼ ስገባ ወደ ወንበሯ እያመለከቱ «ይቀመጡ» አሉኝ። 

«ጸሐፊ፣ እነዚህ ሰዎች ቤት አላቸው?»

«እንዴታ፣ እኛው ሰጠናቸው» አልኩ በኩራት።

«ወረቀቱስ ቤቱ ለማን ነው ይላል?»

«ቤት ለሌላቸው።»

 ነገሩ ዘግይቶ ሲገባኝ አቶ ተገኔ መሐረባቸውን አወጡ። ቤት የሌለው ሰው ቤት በተሰጠው ቅጽበት ቤት ያለው ይሆናል፤ ቤት ያለው ሰው ደግሞ እዚህ ሊኖር አልተፈቀደለትም። ስለዚህ አርባዎቹም ክፍሎች ለአሥራ አንድ ዓመት ባልተፈቀደላቸው ሰዎች ተይዘው ኖረዋል። ቶሎ ካልታረመ የቃል ሚዛኑ ቤቶቹን ይወርሳቸዋል። የቃል ሚዛን በእኛ አገር ወረቀትና ሥራ መስማማታቸውን የሚመዝን ሹም ነው። ደነገጥኩ። ደግነቱ ተቀምጬ ነበር።

መጀመሪያ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። በአገሩ ሕግ ዕቃውን ይዞ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ሜዳ ላይ የዋለ ሰው ቤት የለውም። እናም ሰኞ ሰኞ ነዋሪው ሁሉ ድስቱንና ፍራሹን ይዞ ይወጣል። እኩለ ቀን ሲሆን አቶ ተገኔ ድንጋይ ላይ ቆመው «ቤት የላችሁም» ብለው ያውጃሉ፣ ሕዝቡ «የለንም» ብሎ ይመልሳል፣ እኔም ቁልፉን እንደ አዲስ አድላለሁ። እማማ ድንቄን አራት ሰው ከነአልጋቸው ይሸከማቸዋል። በመጀመሪያው ሰኞ ግራና ቀኝ አይተው «ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሕግ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ ከሁለቱም ይረዝማል» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

አምስት ሰኞ ካለፈ በኋላ የቃል ሚዛኑ ደብዳቤ ላከ። ሰኞ ጠዋትስ ይሁን፣ ከሰኞ እኩለ ቀን እስከ ቀጣዩ ሰኞ ያለው ጊዜስ እንዴት ይሆናል ይላል።  አቶ ተገኔ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው ቤት ራሱ ምን እንደሆነ መመርመር ጀመሩ። ሕጉ ቤት ማለት በር፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ነው ይላል። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ቤት መሆኑ ይቀራል። ሰዎቹ ቤት ባልሆነ ነገር ውስጥ ቢኖሩ ቤት የላቸውም፤ ቤት ከሌላቸው ደግሞ ይፈቀድላቸዋል። ይህን ስሰማ በደስታ አቅፌ ሳምኳቸው።

በአንድ ቀን አርባ በር ነቀልን። የነቀለው የአሥራ ሁለት ቁጥሩ ነዋሪ አናጺው በላቸው ነው፤ የገዛ ራሱን በር ሲነቅል እያፏጨ ነበር። ፍየሎች እየገቡ የሰው ምሳ በሉ። ቢሆንም ሰው አመሰገነን፣ ቤቱን ከሚያጣ በሩን ቢያጣ ይሻለዋልና።

የቃል ሚዛኑ መጥቶ ዞሮ አየ። ከሦስት ሁለቱ ካሉ አብዛኛው ቤት አለ ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ጣሪያው ወረደ። ደግሞ መጣና ግድግዳ ብቻውን ቤት ባይሆንም የቤት ተስፋ ነው አለ፤ ተስፋ ያለው ሰው ደግሞ የለውም አይባልም። አቶ ተገኔ በዚህ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራክረው ተረቱ። ግድግዳው ፈረሰ። በኋላ ወደየቦታው እንዲመለስ ብለን እያንዳንዱን ጡብ በኖራ ቁጥር ጻፍንበት፤ ሥራ ላይ ጠንቃቆች ነን።

ለእያንዳንዱ እርምጃ ለነዋሪው የይቅርታ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «የተከበሩ ነዋሪ፣ መኖሪያዎን ከመወረስ ለማዳን ሲባል ጣሪያዎ ነገ ጠዋት ስለሚነሳ ትብብርዎን በትሕትና እንጠይቃለን» እያልኩ አርባ ጊዜ፣ ያለ አንድ ስርዝ። ደብዳቤዎቹ ያምሩ ነበር። ጣሪያው ከተነሳ በኋላ ሰዎች በደብዳቤዎቹ ፀሐይ ከለሉ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ አርባ አልጋ በባዶ ሜዳ ላይ ተሰልፎ ቀረ። የቃል ሚዛኑ መጣ፣ አየ፣ ፈገግ አለ። ወረቀቱና ሥራው እንዲህ ልክክ ያለለት ማኅበር በሹመት ዘመኑ አይቶ እንደማያውቅ መሰከረልን። አቶ ተገኔ በሁለቱም መሐረብ ዐይናቸውን ጠረጉና እጄን ጨበጡኝ። አሸንፈን ነበር። እኔ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ የእማማ ድንቄን አልጋ አየሁ። ከበላያቸው ሰማይ ብቻ ነበር፣ ሰማዩም ከወንዙ ማዶ ጠቁሮ እየመጣ ነው። እሳቸው መንቀሳቀስ አይችሉም። አንድ የክረምት ዝናብ ይበቃቸዋል። እጄ በአቶ ተገኔ እጅ ውስጥ እንዳለ የድንጋጤ ወንበሯን በዐይኔ ፈለግኋት፤ ያን ቀን ግን አላመጧትም።

ሄጄ ከአልጋቸው አጠገብ ተንበረከክሁ። ይቅርታ አልኳቸው።

«ምን አድርገህ?» አሉኝ።

ቤት ለሌላቸው ብዬ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ይህ ሁሉ የመጣው ከዚያች ቃል እንደሆነ ነገርኳቸው። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ማንደፍሮ መቼ እንዲያ አለ? እኔ ፊቱ ቆሜ አልነበረም እንዴ?»

ታዲያ ምን አሉ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሮጥኩ። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ግማሹን ሰምቼ ሌላውን ራሴ እሞላለሁ። መንገዱን ሙሉ እየሮጥኩ የሞላሁት «ላልነበራቸው» በሚል ቃል ነበር። «ቤት ላልነበራቸው!» ኃላፊ ጊዜ ነዋ! ድሮ ያልነበረው ሰው አሁን ቢኖረውም ያልነበረው ከመሆን አይወጣም። ጋሽ ማንደፍሮ ይህን ብለው እኔ በግሡ ጊዜ ስቼ ነው። አንዲት የአንቀጽ ስሕተት አርባ ቤት አፈረሰች እያልኩ፣ ባፍርም ደስ እያለኝ ነው ወደ ቢሯቸው ከተመለሱት ከአቶ ተገኔ ዘንድ የደረስኩት።

አቶ ተገኔም ደስ አላቸው። የጸሐፊ ስሕተት፣ ቃሉ ሲነገር በጆሮው በሰማ ምስክር ይታረማል። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረና ወንበሯን አሳዩኝ። ምስክር የሚጠራው በበር መቺ ነው። በር መቺው የምስክሩን በር ሦስት ጊዜ መትቶ ካልጠራ ቃሉ አይሰማም፤ «ደጅ የሌለው አይመሰክርም» ይላል ሕጉ። እማማ ድንቄ ደግሞ በር የላቸውም። በራቸውን የነቀልነው እኛው ነን።

ወንበሯ ላይ ተቀምጬ፣ በር ለብቻው፣ ያለ ጣሪያና ያለ ግድግዳ ቢቆም ቤት ይባላል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አቶ ተገኔ ሁለት ቀን መጽሐፍ ሲያገላብጡ ቆዩ። ይባላል የሚልም አይባልም የሚልም አልተገኘም፤ ይህን ያሰበ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረምና።

በላቸው ሁለት ቋሚ ተከለና የሰባት ቁጥርን በር ከእማማ ድንቄ አልጋ ፊት አቆመው። ግራውም ቀኙም ሜዳ ነው። በማግስቱ በር መቺው የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ የእንጨት መዶሻውን ይዞ መጣ። እማማ ድንቄ ከበሩ ጀርባ ሦስት ክንድ ርቀው ተኝተው በጎን ያዩታል፤ እሱም ያያቸዋል። ጉሮሮውን ጠርጎ ሦስት ጊዜ መታ።

«ማነው?»

«የቃል ሚዛን ጥሪ ነው። ድንቄ የሚባሉ እዚህ አሉ?»

«የት ሊሄዱ ብለህ ነው?»

በር መቺው «አሉ» ብሎ ጻፈ።

መራመድ ስለማይችሉ ችሎቱ በዚያው በሜዳው ላይ ሆነ። የቃል ሚዛኑ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አቶ ተገኔ ሕግ ነውና የድንጋጤ ወንበሯን አሸክመው መጥተዋል። የአርባው አልጋ ሰዎች ከበው ቆሙ። ደመናው ወንዙን ተሻግሮ ነበር። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ «ላልነበራቸው» የምትለዋን ቃል ከእማማ ድንቄ አፍ እስክትወጣ እጠብቃለሁ፤ ከንፈሬ ቀድሟት ይንቀሳቀስ ነበር።

የቃል ሚዛኑ ያን ቀን የሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቃቸው።

«ማንደፍሮ ነገር አያበዛም ነበር» አሉ እማማ ድንቄ። «አሰለፈን። እጁን እንዲህ ዘረጋና፣ ‹ቤቱ የእነዚህ ነው› አለ። ሌላ አላለም።»

እውነት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ተመልሶ መጣልኝ፤ የጋሽ ማንደፍሮ ጭቃ የለበሰ ጣት፣ የተሰለፉት ሰዎች፣ ወረቀቱ። «የእነዚህ» የሚለው ለወረቀት አይሆንም ብዬ ነበር፤ ጣት አይጻፍም፣ ነገ የሚያነብ ሰው እነዚህ እነማን እንደሆኑ አያውቅም። እናም ቀና ብዬ ሰዎቹን አየኋቸው። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው ብዬ አሰብኩና የሌላቸውን ጻፍኩ። ስማቸውን መጠየቅ እችል ነበር፤ በፊቴ ቆመው ነበር እኮ። አሥራ አንድ ዓመት ያኮራኝ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

የቃል ሚዛኑ መዘነ። ቃሉ ታርሟል፤ ቤቱ የእነዚህ ነው። እነዚህ ማለት ያን ቀን የተሰለፉት ናቸው። ከተሰለፉት በሕይወት ያሉት ድንቄ ብቻ ናቸው። ስለዚህ መሬቱ፣ የጡቡ ክምር፣ ቆርቆሮው፣ አርባውም በር የድንቄ ነው። የቀሩት ሰዎች እዚህ ሜዳ ላይ የሚያቆያቸው አንዳች መብት የላቸውም፤ ቤት የሌላቸው መሆናቸውም ከእንግዲህ ወዲያ አይረዳቸውም።

 አቶ ተገኔ በእጃቸው ወደ ኋላ እየዳሰሱ ወንበሯን ፈለጉና ተቀመጡባት። ነገረ ፈጅ በዚያች ወንበር ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በላቸው ቀስ ብሎ ወደ አልጋው ሄደና ፍራሹን መጠቅለል ጀመረ። እሱን አይተው ሌሎቹም ጎንበስ አሉ። ከእሳት ወደ ረመጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ የማደርገው ጠፍቶኝ የፍርዱን ቃል እጽፍ ነበር፣ ልማድ ነውና አሳምሬ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወረቀቴ ላይ አረፉ።

«በላቸው» አሉ እማማ ድንቄ፣ «ያን በር ክፈተው።»

በላቸው ፍራሹን ጥሎ ከፈተው።

«ግቡ» አሉ።

አቶ ተገኔ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ በደከመ ድምፅ፣ ግቡ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ጠየቁ። ለነበሩት ነው? ላሉት ነው? ወይስ ለሚመጡት? በወረቀት ካልተወሰነ ነገ መዘዝ ያመጣል አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። በሥራ ዘመኔ የማውቀው ነገር ለአንድ ጊዜ ጠቀመኝ።

«ትእዛዝ አንቀጽ ነው» አልኩ። «ኃላፊም የለው፣ ትንቢትም የለው። ለሰማው ሁሉ ነው።»

በሌላ ወረቀት ላይ «ግቡ» ብዬ ጻፍኩና አቆምኩ። ምንም አልጨመርኩበትም።

ሰዎቹ በበሩ ፊት ተሰለፉ። ዙሪያው ሁሉ ክፍት ሜዳ ሆኖ ሳለ አንድም ሰው በጎን አልዞረም። በላቸው ቆቡን አወለቀ። አንዲት ሴትዮ መድረኩ ላይ ቆማ የእግሯን ጭቃ ጠረገች። አንድ በአንድ፣ ጎንበስ እያሉ፣ «ቤት ለእንግዳ» እንደሚሉ ሁሉ ገቡ። አቶ ተገኔም የድንጋጤ ወንበራቸውን ዝናቡን እንድትከልላቸው በራሳቸው ላይ ደፍተው በተራቸው አለፉ። የቃል ሚዛኑ ለዚህ ሚዛን ስለሌለው በርጩማውን ይዞ ሄደ። ውጭ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ጸሐፊው፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ እማማ ድንቄ ከወዲያ።

«እኔ ቤት አለኝ፣ እማማ።»

«ቤት አለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ? ግቡ ነው ያልኩት።»

ገባሁ። ዝናቡ ከበሩ ወዲህም ወዲያም እኩል ይዘንብ ነበር። ሰዎቹ ከክምሩ አንድ ቆርቆሮ አምጥተው ከእማማ ድንቄ አልጋ በላይ ዘርግተው ይዘዋል፤ ሦስቱ ጫፍ ሰው ነበረው፣ አራተኛውን እኔ ያዝኩ። በላቸው ከጡቡ ክምር አንዱን አንስቶ እንደ ግድግዳ መጀመሪያ እግሬ አጠገብ አስቀመጠ። በኖራ የተጻፈበትን ቁጥር አልተመለከተም።